ሁለት ሬክታንግሎች ለምን ምስስል አልሆኑም? የአንድ ክርክር ውሎ

ሰሞኑን ወላጆችና መምህራን በሚወያዩበት አንድ መድረክ ላይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ ተነሳ። ጉዳዩ የቅርጾች መመሳሰልና ልክክነት ነው። ምስስል የሚባሉት መልካቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ሊለያይ የሚችል ቅርጾች ናቸው፤ ልክክ የሚባሉት ደግሞ መጠናቸውም አንድ የሆነ። ክርክሩ ግን ፎቶ ቤት ገባ፣ ብየዳ ቤት ገባ፣ መሬት ሽያጭም ደረሰ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ መሃል ላይም ገብቼበታለሁ። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉበት ቦታ ስለሆነ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ ልተርክላችሁ።

መነሻ ጽሁፍ። ጥያቄውን ያመጡት አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ፈተና ላይ ሁለት ሬክታንግሎች ተሰጡት። አንዱ 4 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 6 በ8። ምስስል ናቸው ወይስ አይደሉም? ልጁ ናቸው አለ። ምክንያቱንም ጻፈ፤ የሁለቱም ማዕዘኖች በሙሉ 90 ዲግሪ ናቸውና። ኤክስ ተደረገበት። አባትየው ደብተሩን ሲገልጡ፣ ማዕዘኖቻቸው እኩል የሆኑ ቅርጾች ምስስል እንደሆኑ የሚናገር መስመር አገኙ። ስለዚህ የተሳሳተው መምህሩ ነው የሚል እምነት አደረባቸው። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደው ይናገሩ ወይስ ይተዉት፣ ምክር ጠየቁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው አባትየውን አመሰገነ። የልጁን ደብተር ገልጦ የሚያይ ወላጅ ስንት አለ አለና፣ እሱም በተማሪነቱ ማዕዘን ከተመሳሰለ ቅርጹ ይመሳሰላል ተብሎ እንደተማረ ጻፈ። ሄደው እንዲናገሩም አበረታታቸው።

መልስ 2። ወዲያው እርማት መጣ። አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ያ ሕግ የሚሠራው ለጎነ ሦስት ብቻ መሆኑን በትህትና አስረዳች። ጎኑ ከሦስት በላይ ለሆነ ቅርጽ ሁለት ነገር ይጠየቃል። ማዕዘኖቹ አንድ ለአንድ እኩል መሆን አለባቸው። ጎኖቹም በሙሉ በአንድ ቁጥር የተባዙ መሆን አለባቸው። ከ4 ወደ 6 ለመድረስ በ1.5 ይባዛል። 6ም በ1.5 ሲባዛ 9 ይመጣል፤ 8 አይደለም። ስለዚህ 4 በ6 የሆነው ሬክታንግል ምስስሉ 6 በ9 ነው።

መልስ 3። አንዲት እናት ገባች። አልተዋጠላትም። አጭሩም ረጅሙም በ2 ሳንቲ ሜትር ነው ያደጉት፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ካደጉ ቅርጹ ለምን ይቀየራል ብላ ጠየቀች።

ለእኔ የክርክሩ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ልጁም በልቡ ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። ፈታኙ 4 በ6ን እና 6 በ8ን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መደመር እና ማባዛት የሚምታታበት ተማሪ እዚህ ጋ ይያዛል። አጭሩ ጎን ላይ 2 መጨመር ማለት በግማሽ ማሳደግ ነው። ረጅሙ ላይ ያው 2 ሲጨመር ግን እድገቱ ሲሶ ብቻ ነው። አጭሩ ቶሎ ይደርስበታል። እየደመርን ከቀጠልን 14 በ16 ይሆናል፣ 104 በ106 ይሆናል። ያኔ ሬክታንግሉ በዓይን ሲታይ ካሬ ነው።

መልስ 4። ፎቶ ቤት የሚሠራ ልጅ ነገሩን ከወረቀት ወደ እጁ አመጣው። ደንበኛ 10 በ15 የሆነ የቤተሰብ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ወደ 20 በ25 አሳድግልኝ ይላል። 10 ወደ 20 ሲያድግ 15 ወደ 30 ማደግ አለበት። ወረቀቱ ግን 25 ላይ ያልቃል። አምስቷ ሳንቲ ሜትር የግድ ትቆረጣለች። ዳር የቆሙት አያት ግማሽ ትከሻቸው ይቀራል። አለበለዚያ ፎቶው ከጎንና ከጎን በግድ ይጨመቅና ሰው ሁሉ ቀጥኖ ይወጣል። ደንበኛው ደግሞ ማሽኑን ይወቅሳል። 20 በ30 ቢያዝዝ ግን አንድም ሰው አይቆረጥም።

መልስ 5። መልስ 3 ላይ የጠየቀችው እናት ተመልሳ መጣች። የአያትየው ትከሻ ነው የገባልኝ አለች።

መልስ 6። ይህን የጻፈው ፍሬም ሠሪ ነው። 20 በ30 ፎቶ ላይ ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ነጭ ካርቶን ቢደረግ ውጪው 30 በ40 ይሆናል። ወርዱም ርዝመቱም እኩል 10 ጨመረ። ሆኖም የውስጡና የውጪው ሬክታንግል ምስስል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ንጥጥር (ረጅሙ ለአጭሩ ሲካፈል) 1.5 ነው፣ የሁለተኛው 1.33። ዙሪያው እኩል ወርድ ያለው ጠርዝ ሲደረግ ምስስልነቱ የሚጠበቀው ፎቶው ካሬ ሲሆን ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ፍሬም እየሳልኩ ስንት ዘመን አስተምሬ ይህችን ምሳሌ ከማስተማሪያ ውጪ ከሚኖር ሰው ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኛል።

መልስ 7። እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰው አባትየውን ክፉኛ ዘለፋቸው። ሳያውቁ መምህር የሚከሱ ወላጆች ናቸው ትምህርቱን የገደሉት የሚል ነበር። ሌላም የማልደግመው ቃል ነበረበት። ነውር ነው። ሰውየው ጠየቁ እንጂ ገና ማንንም አልከሰሱም።

መልስ 8። አባትየው መለሱ። አልተሳደቡም። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተው ለጠፉት። መስመሩ በግልጽ ይነበባል፤ ከቦርድ ላይ የተገለበጠ ነው። ልጄ ያጠናው የተሰጠውን ነው፣ ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ብለው ጠየቁ። ለመልስ 2 መምህርት ግን ምስጋና አቀረቡ፤ የ9 እና የ8ቱ ነገር እንደገባቸው ገለጹ።

መልስ 9። ሌላ መምህር ፎቶውን አጉልቶ አየ። ከገጹ አናት ላይ የርዕሱን ግማሽ አገኘ። ርዕሱ ስለ ጎነ ሦስቶች ነው የሚለው። ሕጉ ከርዕሱ ሥር ሲነበብ ልክ ነው። ተነጥሎ ሲነበብ ግን ስህተት ነው። ቅርጾች ከማለት ይልቅ ጎነ ሦስቶች ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ልጅ የሚያጠናው መስመሩን ነው። ርዕሱን ፈተና ላይ አያስታውሰውም።

መልስ 10። ከዚያ አንድ በያጅ፣ ጎነ ሦስት ለብቻው ምን ስላለው ነው ይህ ዕድል የተሰጠው የሚለውን አነሳ፤ ራሱም መለሰው። የብረት በር ሲሠራ አራቱን ዘንግ መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነቁጦ ይይዘዋል። በዚያ ሰዓት ገፋ ቢያደርጉት በሩ ይዘማል። የጎኖቹ ልክ አንዲት ሚሊ ሳትቀየር ካሬው ተንጋዶ ሮምበስ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰያፍ ዘንግ የሚገባበት። ሰያፉ አራት ጎኑን ለሁለት ጎነ ሦስት ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። ሦስት ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ከተያያዘ ያለው ቅርጽ አንድ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን ጎኖቹ ራሳቸው ይወስኑታል።

ይህ መልስ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የተወደደ ሆነ። ይገባዋልም። ምክንያቱም ሌላኛውን ግማሽ ያሳያል። ሬክታንግሎቹ ላይ ማዕዘን እኩል ሆኖ ጎን እምቢ አለ። ካሬውና ሮምበሱ ላይ ጎኖች ተስማምተው ማዕዘን እምቢ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ሁለቱ ቅድመ ሁኔታዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ አይረሳም።

መልስ 11። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ጻፈ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ እስክንድርያ ላይ ያስተማረው ዩክሊድ ምስስል ቅርጾችን ሲበይን ሁለቱንም ጠይቋል፤ የማዕዘኖችን እኩልነትም፣ የጎኖችን ንጥጥርም። ጎነ ሦስት ላይ ማዕዘኖቹ እኩል ከሆኑ ጎኖቹ ተከትለው እንደሚመጡ ደግሞ ለብቻው አረጋግጧል። ማለትም የጎነ ሦስቱ ነገር ብያኔ ሳይሆን በማስረጃ የተገኘ ውጤት ነው። አጭር ነበር፣ ጥሩ ነበር።

መልስ 12። አንዲት ተማሪ ወደ ልክክ ቅርጾች ወሰደችው። ሁለት ቅርጾች ልክክ ናቸው የሚባለው አንዱ ሌላው ላይ ሲደረብ ገጥሞ ሲቀመጥ እንደሆነ ታውቃለች። ግን አንዱን ገልብጠን ካልሆነ አልገጥም ቢለንስ? ልክክ ይባላል ወይ?

መልስ 13። ሴራሚክ አንጣፊ ነው የመለሰው። በሒሳቡ ይባላል፣ በሥራው ግን ዋጋ ያስከፍላል አለ። ለቀኝ ጥግ የቆረጣት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ለግራ ጥግ ልኳ ትክክል ነው። ገልብጦ ሊያስገባት ሲል ግን ጀርባዋ ወደ ላይ ይሆናል። የሚያብረቀርቀው ፊት አንድ ብቻ ነዋ! ጀማሪ ሠራተኛ በዚህች ብቻ ስንት ሴራሚክ ያበላሻል።

መልስ 14። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቁን ለሁለት አጥፋ በአንድ መቀስ ሁለት እጅጌ እንደምትቆርጥ ጻፈች። አንዱ ቀኝ ይወጣል፣ አንዱ ግራ። ልካቸው አንድ ነው። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ካለው መታጠፉ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ሁለት የቀኝ እጅጌ ይዛ ትቀራለች። ተማሪዋ በመልሶቹ ሳትደሰት አልቀረችም፤ ሦስት ልብ ለጠፈች።

መልስ 15። አንድ ሰው ልክክ እና ምስስል የማይገናኙ ነገሮች ስለሆኑ መቀላቀል የለባቸውም ብሎ ተቆጣ። ምስስል ከሆነ መጠኑ ይለያያል፣ ካልተለያየ ምስስል መባል የለበትም ነው ክርክሩ።

መልስ 16። ይህችን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምስስል ቅርጾች ላይ የማባዣው ቁጥር 2 ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ሊሆን ይችላል፣ 1 እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ግን የለም። 1 ሲሆን ቅርጾቹ ልክክ ናቸው። ስለዚህ ልክክ የሆነ ሁሉ ምስስል ነው፤ ምስስል የሆነ ሁሉ ግን ልክክ አይደለም። ልጆች ይህን ሲረዱ ሁለት ምዕራፍ የመሰላቸው ነገር አንድ ይሆንላቸዋል።

መልስ 17። መልስ 15ን የጻፈው ሰው አልተቀበለኝም። አስተማሪዎች ነገር ማወሳሰብ ይወዳሉ አለና ወጣ። ይሁን።

መልስ 18። ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሌላ በር ከፈተ። ደንበኛ ኤ4 ወረቀት ይሰጠውና በእጥፍ አሳድገው ይለዋል። ማሽኑ ላይ 200 ፐርሰንት ቢነካ ጎኑ እጥፍ ይሆናል፤ የገጹ ስፋት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ኤ3 ላይ ግማሹ ብቻ ይገባል፣ ሌላው ተቆርጦ ይቀራል። ትክክለኛው ቁጥር 141 ነው። 1.41 በራሱ ሲባዛ 2 ገደማ ይመጣል። ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር፣ ኤ3 297 በ420 ነው፤ ሁለቱም ላይ ረጅሙ ለአጭሩ ሲካፈል 1.41 ይሰጣል። ስለዚህ ኤ3 መሃሉ ላይ ሲታጠፍ ኤ4 ይወጣል፣ ቅርጹም አይለወጥም። ማሽኑ ላይ 141 እና 71 የሚሉ ቁጥሮች ተዘጋጅተው የተቀመጡት ለዚህ ነው።

መልስ 19። ከአሜሪካ አንድ አንባቢ ይህን አይቶ ተነፈሰ። እዚያ ያለው የቢሮ ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ ንጥጥሩ 1.29። ከአዲስ አበባ በኤ4 የተላከ ሰነድ ቁመቱ እንዲገባ ሲቀነስ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ባዶ ይተርፋል። እስከዛሬ ፕሪንተሩ የተበላሸ ይመስለው ነበር።

ከ20 እስከ 23። ወሬው ወደ ቴሌቪዥን ሄደ። 20ኛው ባለ 65 ኢንች ከባለ 32 ኢንች እጥፍ ስለሆነ ዋጋውም እጥፍ መሆን አለበት አለ። 21ኛው አረመው። ኢንቹ የሚለካው በሰያፍ ነው፤ ሁለቱም 16 ለ9 ከሆኑ ስክሪኖቹ ምስስል ናቸው፣ ሰያፉ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 22ኛው የት ሱቅ እንደሚረክስ ጠየቀ። 23ኛው የስልክ ቁጥር አስቀመጠ። አድሚኑ አጠፋውና ስለ ቅርጽ ብቻ እንድንነጋገር አሳሰበ፤ ለመልስ 7 ባለቤትም በዚያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

መልስ 24። አንድ ሰው አክሱም ሄዶ ያደረገውን ጻፈ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም የተመለሰው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ነው ይባላል። ማረጋገጥ አማረው። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ አቆመ፣ ጥላው 60 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ዱላውና ጥላው፣ ሐውልቱና ጥላው፣ ሁለት ምስስል ጎነ ሦስቶች ናቸው። የሐውልቱ ጥላ 14 ሜትር ከ40 መሆን ነበረበት። እሱ ያገኘው ግን ከአንድ ሜትር በላይ ያነሰ ነው። ሐውልቱ አጠረ ወይስ ሒሳቡ?

መልስ 25። ሁለቱም አላጠሩም። መልስ ሰጪዋ ጥላው የሚለካው ከሐውልቱ ግርጌ ጠርዝ ሳይሆን ከጫፉ ትክክል ወደ ታች ከሚወርደው ነጥብ መሆኑን አስታወሰችው። ያ ነጥብ ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ በውጪ የተለካው ላይ፣ በጥላው አቅጣጫ የግርጌው ውፍረት ግማሽ ይደመራል። ሜዳውም ዘንበል ካለ ሌላ ስህተት ይገባል። ዱላው ቀጭን ስለሆነ ይህ ችግር አልታየበትም።

መልስ 26። አባትየው መሃል ላይ ብቅ ብለው ሰኞ እንደሚሄዱ አሳወቁ። ለክስ ሳይሆን፣ ያቺ መስመር ለክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ እንድትስተካከል ለመጠየቅ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ኤክሱ ልክ ነው፣ መስመሯ ግን የሌሎችንም ልጆች ደብተር ይዛለች።

መልስ 27። አንድ ሰው ገንዘብ ስለበላበት ነገር ጻፈ። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 200 ካሬ ተብሎ ገዛ። ከመክፈሉ በፊት አራቱንም ጎን በሜትር ለካ። 10፣ 20፣ 10፣ 20፤ ልክ ነው። በኋላ በባለሙያ ሲለካ 173 ካሬ ሆነ። ሻጩ አታለለኝ ይላል፣ ግን ጎኖቹ አልዋሹም። እንዴት?

መልስ 28። ቀያሽ ነው የመለሰው፤ በያጁን ጠቅሶ። ቦታው እንደዚያ በር ተንጋዷል። ጎኖቹ 10 እና 20 ሆነው ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ከሆነ ስፋቱ 173 ነው የሚመጣው። አራት ጎን ብቻውን ቅርጹንም ስፋቱንም አይወስንም። መፍትሔው አምስተኛ ልኬት ነው፤ ሰያፉ። ቦታው ሬክታንግል ቢሆን ሁለቱም ሰያፎች 22 ሜትር ከ36 ሳንቲ ይሆኑ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ ግን አንዱ 17 ሜትር ከ32፣ ሌላው 26 ሜትር ከ46 ነው። ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ ማዶ ለማዶ ክር የሚወጥረው ይህንኑ ለማየት ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት አንዲት ሰያፍ ቢለካ ኖሮ 27 ካሬውን አያጣም ነበር።

መልስ 29። ቦታዬ አምስት ጥግ ቢኖረውስ የሚል ጥያቄ መጣ።

መልስ 30። ያው ቀያሽ፣ አምስቱን ጎን ለክተህ ከአንድ ጥግ ተነስተህ ሁለት ሰያፍ ጨምር አለው። ቦታው ሦስት ጎነ ሦስት ይሆናል። የእያንዳንዱን ስፋት አውጥቶ መደመር ነው። ለጎነ ሦስት 3 ልኬት፣ ለጎነ አራት 5፣ ለጎነ አምስት 7፤ በአንድ ጎን በተጨመረ ቁጥር ሁለት ልኬት ይጨመራል። ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ካለ፣ ሰያፎቹ ከቦታው ውጪ እንዳይሄዱ ከዚያች ጥግ መነሳት ይሻላል።

መልስ 31። ጠያቂው ቦታው ተዳፋት ላይ እንደሆነ ጨመረ።

መልስ 32። እንዲያ ከሆነ ሜትሩን መሬቱ ላይ አታስተኛው የሚል መልስ ተሰጠው። ካርታ ላይ የሚሰፍረው ስፋት በአግድም የተለካው ነው፤ ሜትሩ ቁልቁለቱን ተከትሎ ከተዘረጋ ቦታው ከእውነቱ በላይ ሰፍቶ ይታያል። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ወጥሮ፣ ከጫፉ በቱምቢ ወደ መሬት እያወረዱ፣ ደረጃ በደረጃ መለካት ነው።